ከቦሩ ሜዳ ወዲህ፦ በወሎ እምነት በምን ጸና?

ዛሬ ቦሩ ሜዳ ሲባል ወሎዬው ቀድሞ ትዝ የሚለው ሆስፒታሉ ነው። ዓይኑን የታመመ፣ ቆዳው ላይ ነገር የወጣበት ሰው ከሩቅ ገጠር ሳይቀር እዚያ ይሄዳል። ቦታው ከደሴ ብዙም አይርቅም፤ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ የሚወራው ስለ ቀጠሮና ስለ ካርድ ወረፋ ነው። 1870 ዓ.ም.ን የሚያነሣ የለም። በዚያ ዓመት እዚያ ሜዳ ላይ የተወሰነው ነገር ግን የወሎን ሰው እስከ ዛሬ ይከተለዋል።

በግንቦት 1870 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ትልቅ ጉባኤ ጠሩ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኙ። የመጀመሪያው ጉዳይ የቤተ ክርስቲያኗ የራሷ ነበር። ስለ ክርስቶስ ልደት ትውልዶችን ያባላው ክርክር እንዲቋጭ ተፈለገ። ክርስቶስ አንድ ጊዜ ከአብ፣ አንድ ጊዜ ከማርያም ተወለደ የሚለው የሁለት ልደት ትምህርት ጸደቀ። ሦስት ልደት ባዮች ተረቱ፤ አንመለስም ያሉት ተቀጡ። ቀጥሎ የመጣው የሙስሊሙ ነገር ነው። አገር አንድ የሚሆነው ሃይማኖት አንድ ሲሆን ነው የሚለው ሐሳብ በንጉሠ ነገሥቱ ልብ ጸንቶ ነበር። ስለዚህ የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሣ ታዘዘ። ቀነ ገደቡ 3 ዓመት ነው። ሹመት የያዘ ሙስሊም ደግሞ ከዚያ ባጠረ ጊዜ ቁርጡን ማሳወቅ ነበረበት።

መሳፍንቱ ቶሎ ወሰኑ። ኢማም ሙሐመድ አሊ ተጠመቁ። ክርስትና አባታቸው ራሳቸው ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ፤ ስማቸውም ሚካኤል ተባለ። በኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው እሳቸው ናቸው። ሌላው የወሎ መስፍን፣ በፈረስ ስማቸው አባ ዋጠው የሚባሉት፣ ምኒልክ ክርስትና አነሷቸውና ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሹመታቸውንም አገራቸውንም አተረፉ። በዚህ ልፈርድባቸው አልፈልግም። በሁለት ጉልበተኛ መካከል የተያዘ መስፍን ምርጫው ጠባብ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የተራው ሰው ነገር ነው። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ሸማኔው፣ ልጅ ያዘለችው እናት ምን አደረጉ? ለአንዳቸውም ሹመት የሚሰጣቸው አልነበረም። ክርስትና አባት የሚሆናቸው ንጉሥም አልመጣም።

አንዳንዱ ዱላ አነሣ። ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር በዚህ የታወቁ ናቸው። ደረሳውን፣ ማለትም የእስልምና ተማሪውን፣ ከገበሬው ጋር አሰባስበው የንጉሡን ጦር ተዋጉ። ግጥምም ይገጥሙ ነበር። በአማርኛ፣ በዐረብ ፊደል እየጻፉ ሕዝቡ የደረሰበትን መከራ ለፈጣሪ አቤት አሉበት። ያኔ የነበረው ሰው ፊደል ባይቆጥርም መንዙማ ይሰማል። ግጥሙ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ጥይት ያልደረሰበት ደረሰ ማለት ይቻላል።

አንዳንዱ ቤቱን ዘግቶ ተሰደደ። ወደ ደቡብ የወረደ አለ፣ ወደ ምሥራቅ የሄደ አለ። የወሎ ዑለሞች በየሄዱበት ደርስ ዘረጉ። ሳይታሰብ የወሎ ትምህርት በአገሩ ተበተነ።

የሚበዛው ግን የትም አልሄደም። ተጠመቀ። ማተብ አሰረ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆመ። ማታ ደግሞ በሩን ዘግቶ ሰገደ። «ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም» የሚባለው ይህ ነው። ሲነገር እንደ ቀልድ ይነገራል። ሰውየው ወላዋይ፣ ሁለት ቤት ያለው፣ ማንንም የማያስቀይም ተደርጎ ይሳላል። እዚህ ላይ አልስማማም።

እስቲ ነገሩን ከቤቱ ውስጥ ሆነን እንየው። ጎጆ ቤት ነው። ጎረቤት ቅርብ ነው፤ ሳል እንኳ ይሰማል። ልጆቹ ትንንሽ ናቸው፤ ልጅ ደግሞ ምስጢር አይችልም። አባት ውዱእ ማድረግ አለበት፤ የውሃ ድምፅ ያጋልጠዋል። ረመዳን ሲመጣ በእኩለ ሌሊት ለሱሁር እሳት መንደድ አለበት፤ ጭሱ ከጣራ ይወጣል። በጠዋት ደግሞ ሰው ቡና ይጠራዋል። አሞኛል ይላል። ለአንድ ቀን ያስኬዳል። ለሠላሳ ቀን እንዴት ይሆናል? እናት ለልጇ ቁርኣኑን ከማስተማሯ በፊት ዝምታን ታስተምረዋለች። ይህ ለወራት አልነበረም፤ ለዓመታት ነው። አንድ ቀን በሰይፍ ፊት ቆሞ እምቢ ማለት ከባድ ነው። በየማታው እየፈሩ፣ እየፈሩም ሳይተዉ መኖር ግን እኔ ከዚያ አላሳንሰውም።

ሃይማኖቶቹ ራሳቸው ይህን ያውቁታል። በቁርኣን ሱረቱ አን-ነሕል ቁጥር 106 ላይ፣ ልቡ በእምነት የረጋ ሆኖ ሳለ ተገድዶ የተናገረ ሰው ከተጠያቂነት ወጥቷል። ከዚሁ ጋር የዐማር ቢን ያሲር ታሪክ ይነሣል። አሠቃዩት፣ ያሉትን አለ፣ እያለቀሰ ወደ ነቢዩ መጣ፤ አልተጣለም። በክርስትናም ጴጥሮስ ዶሮ ሳይጮህ ሦስት ጊዜ ክዷል። ሆኖም የሐዋርያት አለቃ ተብሎ ነው የሚጠራው። ዛሬ ስልኩ ላይ ተቀምጦ «እኔ ብሆን አንገቴን እሰጥ ነበር» የሚለው ሰው ከሁለቱም መጻሕፍት የበለጠ ጨካኝ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 መተማ ላይ ወደቁ። ግዴታው ላላ። ብዙው የወሎ ሰው ወደ ቀድሞ እምነቱ ተመለሰ። ልብ ያለው ሰው ይህንን ልብ ይበል። በየቤቱ ተዳፍኖ የቆየ ነገር ባይኖር ኖሮ የሚመለሱበት አይኖርም ነበር። ታሪክ ደግሞ አንዳንዴ ትቀልዳለች። አባት በአዋጅ ተጠመቀ፤ ልጅ ኢያሱ ደግሞ ሰልመዋል ተብለው በመስከረም 1909 ከዙፋን ወረዱ። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ብለው ዘመቱ። በጥቅምት ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። በአንድ ቤት ውስጥ ሃይማኖት ሁለት ጊዜ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ፤ ሁለቱም ጊዜ ዋጋውን የከፈለው ወሎ ነው።

ይህን ስጽፍ ክርስቲያን አንባቢዬ «የእኛስ?» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው። የወሎ ክርስቲያንም ቁስል አለው፤ የእሱ ደግሞ ይቀድማል። በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ጦር ዛሬ ወሎ በምንለው በቤተ አምሐራ ሲገባ፣ ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴ ተቃጠለ። በወርቅ ያጌጠ፣ በዘመኑ ወደር ያልነበረው ቤተ ክርስቲያን ነው ይባላል። አትሮንሰ ማርያምም ነደደች። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአባ ኢየሱስ ሞአ ሊቃውንት ያፈራው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ከዘረፋ አልዳነም። ያኔም የካደ ነበር፤ የሞተ ነበር፤ መጻሕፍት ይዞ ዋሻ የገባ ነበር። ዛሬ ሐይቅ የምናየው ብራና የተረፈው መጽሐፍ አሸክሞ የሸሸ፣ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ስለነበረ ነው።

በጣልያን ጊዜ የሆነውን ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። በወሎ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ ተረሸኑ። ለወራሪው እንዲገዙና ሕዝቡንም እንዲያስገዙ ተጠይቀው እምቢ አሉ። ሐውልታቸው ቆሟል፤ ስለዚህ አልደግመውም። ሐውልት የሌላቸውን ነው ዛሬ ማንሣት የፈለግሁት።

እንግዲህ ሁለቱም ወገን ተራ በተራ ተቃጥሏል። ብዙ አገር እንዲህ ያለ ታሪክ ይዞ ለቂም ይጠቀምበታል። ወሎ ውስጥ ሌላ ነገር ወጣ። «ወሎ የፍቅር አገር» የሚለውን መፈክር ብዙ አልወደውም፤ የቱሪዝም ፖስተር ይመስለኛል። ፍቅሩ ከሰማይ የወረደ፣ ከደም የመጣ ጠባይ አስመስሎ ያቀርበዋል። በእኔ ግምት ከዚህ የበለጠ ብልህ ነገር ነው። በእምነቱ ተገድዶ የሚያውቅ ሰው፣ ጎረቤቱ ሲገደድ ቀጣዩ እሱ መሆኑን ያውቃል። ደግሞም ቤተሰቡ ተደባልቋል። በአዋጁ ጊዜ አንዱ ወንድም ክርስቲያን ሆኖ ቀረ፣ ሌላው ተመለሰ። መሐመድ የሚባል ልጅ አያቱ ወልደ ማርያም ነው። ካሳ የሚባለው ደግሞ አባቱ ይመር ሁሴን ነው። የዘር ሐረግ ቆጥሮ ለብቻ የሚቆም ሰው ወሎ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል።

ሥርዓቱም በዚሁ ላይ ተሠራ። ሠርግ ሲኖር አስቡ። ክርስቲያኑ ልጁን ይድራል። ከሳምንት በፊት የእስላሙን ጎረቤት ይጠራና በሬውን ወይም በጉን ያስረክበዋል፤ «የእናንተን አንተው እረድ» ይለዋል። ማብሰያው ከእስላሙ ቤት ይመጣል፤ የክርስቲያኑ ድስት አይነካውም። የሚያበስሉት የራሳቸው ሴቶች ናቸው፤ ዳሱም ለብቻ ይጣላል። እስላሙ ሲድርም እንዲሁ። ሁለቱም ሥጋቸውን አይቀላቅሉም፤ ሁለቱም ከሠርጉ አይቀሩም። «ምን አለበት፣ ሥጋ ሥጋ ነው» የሚል ከተሜ ይህን ኋላ ቀርነት ይለው ይሆናል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ደጋሹ የእንግዳውን ሃይማኖት በራሱ ወጪ ይጠብቅለታል። ቢላውን ሲያቀብለው «በእኔ ቤት እምነትህ አይጎድልብህም» ማለቱ ነው።

ቅሬውም እንዲሁ። አዲስ አበባ እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። የቅሬ ዳኛ አለው፤ ደንብ አለው፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል። መለከቱ ሲነፋ የሞተው እስላም ይሁን ክርስቲያን የሚጠይቅ የለም። እርፉን ጥሎ ይሄዳል። የእስላም ቀብር ቶሎ ነው፤ ክርስቲያኑ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ውሃ ያመላልሳል፣ ቃሬዛ ይሸከማል። ክርስቲያን ሲሞት እስላሙ አስከሬኑን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ያደርሳል፣ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ውጭ ይጠብቃል። ከዚያ ለቀስተኛው ቤት ንፍሮ ይቀርባል። ሃይማኖታዊ ክርክር ቢነሣ እንኳ ነገ የሚቀብርህን ሰው ዛሬ አትሰድበውም።

ወዳጃን ያየ ሰው ደግሞ የበለጠ ይገባዋል። ዝናብ ሲዘገይ፣ ሰው ሲታመም፣ ልጅ ጦር ሜዳ ሲሄድ ሰብሰብ ይባላል። ቡና ይፈላል፣ ጫት ይቀርባል፣ ዕጣን ይጨሳል። አባት ዱአ ያደርጋሉ፤ ዱበርቲ የሚባሉት ሴቶችም የራሳቸው ዱአ አላቸው። ክርስቲያኗም ጥግ ላይ ተቀምጣ «አሚን» ትላለች። የእሷ ልጅም እኮ ጦር ሜዳ ነው።

ይህ ሁሉ በድሎት ጊዜ የተሠራ አይደለም። የወሎ ሰው ድሎት መች አየ? በ1965 እና 66 ረሃብ መጣ፤ መንግሥት ደበቀው። በ1977 ደግሞ በባሰ ተመለሰ። ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ኮረም በዓለም ቴሌቪዥን ታየች። ከዚያ የሰፈራው ነገር መጣ። ደርግ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ አጓጓዘ። ብዙ ወሎዬ ወለጋ ወረደ። ከነዚህም ሙስሊሙ ብዙ ነበር። ጫካ መነጠሩ፣ ወባ ፈጃቸው፣ የተረፉት ደርሰው በቆሎ ዘሩ፣ መስጊድ ሠሩ፣ ወልደው ከበዱ። ወዳጃውንም መንዙማውንም ይዘው ነበር የሄዱት።

ሰኔ 11 ቀን 2014 ምዕራብ ወለጋ፣ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ በአንድ ቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። አብዛኞቹ የወሎ ሰፋሪዎችና ልጆቻቸው ናቸው። የተገደሉት አማራ በመሆናቸው ነው። ከቶሌ በፊትም በኋላም ከወለጋ የተፈናቀለው ሰው ወደ ወሎ ተመለሰ። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ፣ አያቶቹ በረሃብ ወደ ለቀቁት አገር። በሐይቅ አካባቢ ባሉት መጠለያዎች ድንኳንና ሸራ ውስጥ ተቀመጠ።

ከዚህ ሕዝብ የሚገርመኝ ምሬቱን በፈጣሪ ላይ አለማዞሩ ነው። ይህን ያህል ግፍ የደረሰበት ሰው «ፈጣሪ የት ነበር?» ቢል ማን ይፈርድበታል? ጥያቄው አይነሣም አልልም። ግን ሸራው ሥር መጀመሪያ ከሚለዩት ቦታዎች አንዱ መስገጃ ነው። አዛን ይባላል። ልጆች ተሰብስበው ቁርኣን ይቀራሉ። ይህንን «የድሃ መጽናኛ» ብሎ የሚያጣጥል አለ። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ሁሉ ነገሩን በሰው እጅ የተነጠቀ ሰው፣ በሰው እጅ የማይነጠቀውን ይዞ ይቆማል። ራሽን ሲዘገይ የአዛን ሰዓት አይዘገይም።

የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ ወሎ እንደገና መንገድ ላይ ተገኘ። ላሊበላ በሐምሌ 2013 መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። ወልዲያም ቆቦም ተያዙ። በቆቦ በጳጉሜን 2013 ሲቪሎች ተገደሉ፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች መዝግቦታል። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። ከሰሜን የሸሸው ሰው በየትምህርት ቤቱና በየሰው ቤት ተጠልሎ ነበር፤ ሸሽቶ የመጣው እንደገና ሸሸ። በኅዳር መጨረሻ ከተሞቹ ተለቀቁ። የላሊበላው መልቀቅና መያዝ ደግሞ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ቆየ።

እና ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ላሊበላ ገና ተከበረ። ከተማዋ ነፃ ከወጣች ገና ሳምንታት ብቻ ነበር። ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው የአለት ግንብ ላይ ቆመው «ቤዛ ኵሉ» አሉ፤ ከታች ያሉትም ተቀበሏቸው። የቱሪስት ገንዘብ የጠፋበት፣ ቤቱ የተዘረፈ ቄስ ነጭ ለብሶ ያሸበሽባል። ይህንን ከውጭ የሚያይ ሰው ትርኢት ሊመስለው ይችላል። ለቄሱ ግን የዓመቱ ሥራ ነው። ጦር ቢመጣም ባይመጣም ያ ቀን ያ ዜማ ይባላል። ከዚህ በፊትም በክፉ ቀን ተብሏል።

ሰላሙ ብዙ አልቆየም። በጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላ፣ በሐምሌ 2015 መጨረሻ፣ በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ መካከል በተነሣው ውጊያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ የወሎ ገጠር እንደገና የጦር ሜዳ ሆነ። መንገድ ይዘጋል። ኢንተርኔት ይጠፋል። ሰው ይታገትና ገንዘብ ይጠየቅበታል።

ይህኛው ጦርነት ለእምነት ሰው ከበፊቱ ይከብዳል እላለሁ። በ2014 ጠላት የሚባለው ከውጭ ነው የመጣው። አሁን ተዋጊው ሁሉ የአካባቢው ልጅ ነው፣ ወይም የጎረቤት ልጅ። ያንን መስጊድ ያውቀዋል፤ ያ ቄስ ክርስትና አንስቶታል። ስለዚህ ከሃይማኖት አባት የሚጠበቀው ከባድ ነው። ቄሱ ለሞተ ፍትሐት ካደረጉ «ለእነማን ጸለዩ?» ይባላሉ። ሼሁ ለታገተ ሰው ለመደራደር ከወጡ «ከእነማን ጋር ተገናኙ?» ይባላሉ። ደም የሚያደርቁ አባጋሮችም ጭንቅ ላይ ናቸው። በፊት ሁለት ቤተሰብ ነበር የሚያስታርቁት። መንግሥትንና ጠመንጃ የያዘን ወጣት በየትኛው ዛፍ ጥላ ሥር ያስቀምጡ?

ዝም ብሎ ቤት መቀመጥ ይቻላል። ብዙው ሰው ይህንን ቢያደርግ አልወቅሰውም። ሆኖም ግሸን ደብረ ከርቤን እዩ። መስከረም 21 አምባሰል ተራራ ላይ ሰው ይወጣል። ግማደ መስቀሉ ያለበት፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ያስቀመጡት፣ ተራራውም መስቀል የሚመስል ተብሎ ይታመናል። አወጣጡ ገደል ነው። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ እንኳ የሚከብድ ጉዞ ነው። ዛሬ ምእመኑ ስንቁን ብቻ አይቋጥርም፤ የትኛው ኬላ ላይ ምን እንደሚጠየቅ ያስባል፣ ማታ የት እንደሚያድር ያማክራል። በአልቡኮ ወደ ጃማ ንጉሥ መስጊድ የሚደረገው ጉዞም እንዲሁ ነው። ሼህ ሙሐመድ ሻፊ ያስጀመሩት መውሊድ ለትውልዶች ሳይቋረጥ መጥቷል። ለመውሊድ የሚሄድ ሰው በእግሩም በበቅሎም የሚሄድ ነው፤ መኪና ሲቆም አያቆመውም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የሚያሰጋኝን ልናገር። ጽናቱ የሚቆመው በግለሰብ ልብ ብቻ አይደለም። ደግፎ የያዘው ነገር አለ። እሱ ነው እየሳሳ ያለው።

አንደኛው ቅሬው ነው። መለከት ሌሊት የማይነፋበት፣ ሰብሰብ ብሎ መሄድ የሚያስጠረጥርበት ጊዜ ነው። ወጣቱ ወይ ጫካ ነው፣ ወይ ዐረብ አገር ነው፣ ወይ አዲስ አበባ ነው። ጉድጓድ የሚቆፍረው ሽማግሌ ሆኗል። አብሮ ያልቀበረ ትውልድ አብሮ መኖርን ከየት ይማረዋል?

ሁለተኛው ስልኩ ነው። በቲክቶክና በዩቲዩብ የሚሰብከው ሰው ብዙ ነው። አንዱ ወዳጃውን «ሽርክ»፣ በፈጣሪ ላይ ማጋራት ነው ይላል፣ ክርስቲያን «አሚን» ያለበትን ዱአ ያንቋሽሻል። ሌላው ደግሞ በመውሊድ ቀን የጎረቤቱን ቤት የረገጠ ክርስቲያንን ማተቡን የበጠሰ ያስመስለዋል። ሃይማኖታቸውን ማስተማራቸው መብታቸው ነው፤ የትምህርት ልዩነት ያለ ነው፣ የነበረም ነው። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ድፍረትን የሚለኩት ሌላውን በመናገር ነው። ካሜራ ፊት የሌላውን ሃይማኖት መዝለፍ ምን ድፍረት አለው? ሰዳቢው ቅሬ የለበትም። ነገ ውሃ የሚያቀብለውን ሰው አላስቀየመም። ቅያሜው የተረፈው ለእኛ ነው።

ሦስተኛውን ሰው ብዙ አያነሣውም፤ እኔ ግን ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የተማሪው ነገር። ወሎ የሁለቱም ሃይማኖት ትምህርት ቤት ነው። የዋድላ ቅኔ ስሙ ከፍ ያለ ነው። በየጁ ዳናን የመሰለ ሐሪማ፣ የእስልምና ትምህርት ቤት፣ ደግሞ ከሩቅ አገር ደረሳ ይስባል። ሁለቱም የቆሙት በገበሬው እንጀራ ላይ ነው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። ደረሳውም ለውሁን፣ የሚማርበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ አስቀምጦ ወደ መንደር ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚሄዱበት ደጅ አንድ ነው። እናቲቱ ለአንዱም ለሌላውም ትቆርሳለች። ውሻው ብቻ ነው ሁለቱንም እኩል የሚጠላው።

አሁን ያ ገበሬ ማዳበሪያ አላገኘም፣ ገበያ አልወጣም፣ በሬው ተወስዶበት ይሆናል። ለልጁ ያጣ ሰው ለደረሳ ከየት ያምጣ? ከሩቅ የመጣ ተማሪም በየኬላው ይጠረጠራል። ጠመንጃ ያልያዘ፣ መታወቂያ የሌለው፣ አኮፋዳ የተሸከመ ወጣት በየትኛውም ወገን ዐይን ሰላይ ይመስላል። ክልሉ ውስጥ መደበኛው ትምህርት ቤት ስንት እንደተዘጋ ቢያንስ ይወራል፣ ሪፖርት ይወጣበታል። የቅኔ ቤቱንና የሐሪማውን ማንም አይቆጥርም። የሃይማኖት ተቋማቱም ስለ ሕንፃ ቃጠሎ መግለጫ ያወጣሉ፤ ስለ ተበተነ ተማሪ ሲናገሩ እምብዛም አልሰማም።

ሕንፃ ሲቃጠል ይሠራል። መካነ ሥላሴ ከተቃጠለች በኋላም ወሎ ቤተ ክርስቲያን አልጠፋበትም። በአዋጁ ጊዜም መስጊዱ ቢዘጋ ቁርኣኑ በቃል የተያዘ ነበር፤ የያዘው ደግሞ ሐሪማ የተማረ ሰው ነው። ቅኔም ዜማም እንዲሁ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ነው የሚሄደው። መምህሩ አርጅተዋል። ተማሪዎቹን «እስቲ እስኪረጋጋ ወደየአገራችሁ ሂዱ» ካሏቸው ጉባኤው ታጠፈ። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ መንገዱ ቢከፈት እንኳ፣ ተማሪው ሌላ ሥራ ይዟል፣ መምህሩም በሕይወት ላይኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ እርዳታ የሚያከፋፍለው ድርጅትም፣ ሀገረ ስብከቱም፣ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤቱም ዱቄት ሲመድቡ እነዚህን ቤቶች ዝርዝራቸው ውስጥ ያስገቧቸው። ሃምሳ ደረሳ ወይም ሃምሳ የቅኔ ተማሪ ለመመገብ የሚፈጀው እህል ለአንድ የጭነት መኪና እንኳ አይሞላም።